ከምድጃው ኋላ የተወተፈ ሽቦ

በዘጠኝ ዓመቴ አንዲት ሰው ከቤታችን እንድትወጣ አደረግሁ። አልጮህሁም፤ አልተሳደብሁም፤ በዓይኔ ባየሁት ብዙ እውነት ላይ አንዲት ሐሰት ብቻ ጨመርሁበት። ሐሰቲቱም በአንድ ትንፋሽ የምትነገር አጭር ነገር ነበረች።

እናቴ ኢየሩስና እኔ የምንኖረው ኦክላንድ፣ ከሌክ ሜሪት ሐይቅ ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ በቆመ አሮጌ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ እኔ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ በዚያው ስለ ቀረ፣ እናቴ ለእኔ፣ እኔም ለእናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ በአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። እርሷ ያነጠፈችው አንሶላ ላይ እጥፋት አይታይም፤ እርሷ የወለወለችው መስተዋት የጣት አሻራ አይተርፈውም። ቤታችንም እንደዚያው ነበረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "እኔ ቤት ዝንብ እንኳ አስፈቅዳ ነው የምትገባው" እያለች ታስቅ ነበር። ቀልድ ትምሰል እንጂ እንደ መሐላ ነበረች።

ሃሴት የመጣችው በመስከረም ነው። የእናቴ የታላቅ እህቷ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር። ዲቪ ደርሷት ጉዞዋን ስታሰናዳ እናቷ ታማ ሞተችባት። መርካቶ፣ እህል በረንዳ አጠገብ፣ ምስርና አተር ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ ነው ያደገችው። ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሷ ይልቅ የበዛው እናቷ ከመሞቷ በፊት በእጇ የሰፋቻቸው የአቡጀዲ ከረጢቶች ነበሩ፤ አንዱ ምስር ክክ፣ አንዱ ሽምብራ፣ ትልቁ ዳቦ ቆሎ። እናቴ ትልቁን ከረጢት ደረቷ ላይ አስጠግታ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያም ሦስቱንም ከምድጃው አጠገብ ባለው በታችኛው ቁም ሳጥን አኖረቻቸው። ዳቦ ቆሎው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እፍኝ ብቻ ይታደለን ጀመር።

በዚያው በመጀመሪያው ምሽት እናቴ ሃሴትን ቤቱን አዞረቻት። "እዚህ እንደ ሰፈራችን አይጥ የለ፣ በረሮ የለ። ወለሉ ላይ ብትተኚ ልብስሽ አይቆሽሽም" አለቻት። ሃሴት የወጥ ቤቱን ግድግዳ ግርጌ፣ ከምድጃው እስከ ቁም ሳጥኑ ድረስ፣ በዓይኗ ስትከተለው አየኋት። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ያስታውቃል፣ እትዬ" አለች።

እኔ ያንን አስተያየት እንዲህ ፈታሁት፦ ይህች ልጅ የእህል ቁም ሳጥናችን ወዴት እንዳለ እያጠናች ናት። እህል በረንዳ ያደገ ሰው ግድግዳ ግርጌ የተሰመረ የወዛም ጠጉር እድፍ ሲያይ በዚያ ማን እንደሚመላለስ ያውቃል፤ ይህን የተረዳሁት ዛሬ ነው።

ቅናት እንዴት እንደ ጀመረኝ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ቅዳሜ ይታወሰኛል። ከሃሴት መምጣት በፊት ቅዳሜ የእኔ ጠጉር ቀን ነበረች፤ እናቴ በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ታበጥረኛለች፣ ትሠራኛለች። በዚያ ቅዳሜ ግን ከውጭ ስገባ እናቴ ራሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሃሴት ከሶፋው ላይ ሆና ሹሩባ ስትሠራት አገኘኋቸው። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ራሷን በሌላ ሰው ጉልበት ላይ ጥላለች። የእናቴ ራስ በሰው ላይ የሚያርፍ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ስለ አንድ ጎረቤታቸው ያወራሉ፤ እናቴ ሰምቼው በማላውቀው ሳቅ ትስቃለች። አማርኛቸው ፈጣን ነበር፤ ግማሹ ያመልጠኛል። እኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ መልሴ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። በገዛ ቤቴ ለገዛ እናቴ ቋንቋ እንግዳ የሆንሁ መሰለኝ።

"ወንጌልዬ፣ ነይ አንቺንም ልሥራሽ" አለችኝ ሃሴት። ስሜ ወንጌላዊት ነው። አልፈልግም ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። እናቴም፣ "ተያት፣ አመሏ ነው" አለች፤ ከዚያ ሁለቱ ሳቃቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ የሃሴትን ጥፋት መፈለግ ሥራዬ ሆነ። የሚፈልግም አያጣም።

እናቴ ለጧት ፈረቃ በዐሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች፤ እኔን ለትምህርት ቤት የምታሰናዳኝ ሃሴት ነበረች። አንድ ጧት ሳልጠራ ተነሣሁና በወጥ ቤቱ በር ቀዳዳ አጮለቅሁ። ሃሴት በጉልበቷ ተንበርክካለች። ምድጃውን ከግድግዳው አላቅቃዋለች፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ድረስ ከኋላው ገብቷል። እጇ ላይ የላስቲክ ጓንት አድርጋለች። አንድ ነገር ወደ ውስጥ ትወትፋለች። ከዚያ ወለሉ ላይ ውሃና በረኪና ረጨች፤ ጥቂት ጠብቃ በወረቀት ጠረገች፤ ወረቀቱን በሁለት ፌስታል ቋጥራ ወጣች። ከውጭ የቆሻሻ ገንዳው ክዳን ሲዘጋ ሰማሁ። ስትመለስ ምድጃውን ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው ገፋችው፤ እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች፤ ከዚያም በተለመደው ድምፅዋ "ወንጌልዬ፣ ነግቷል፣ ተነሺ" ብላ ጠራችኝ።

እኔም የምፈልገውን ያገኘሁ መሰለኝ። ከምድጃው ኋላ የምትደብቀው ነገር አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር ምስክር ሆነልኝ። በእንቅልፌ መካከል ከወጥ ቤቱ በኩል ኮሽታ እሰማለሁ፤ ሃሴት ሳሎን ሶፋው ላይ ስለምትተኛ ኮሽታው የእርሷ ነው አልሁ። የድስት መፈግፈጊያው ሽቦ በየሳምንቱ ያልቃል፤ እናቴ ትገረማለች፤ አባካኝ ናት አልሁ። ሃሴት ማንም ሳያዛት የግድግዳውን ግርጌ በሳሙና ትፈትጋለች፤ እናቴም፣ "እያት፣ እንዲህ ነው ሴት ልጅ" ትለኛለች፤ ለመወደድ ነው አልሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከቁም ሳጥኑ ሥር ጥቁር ጥቁር፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ፍሬ ለቅሜ በመዳፌ ያዝሁ። ጥቁር አዝሙድ መሰለኝ። የቅመም ጠርሙሶቹን ስትበረብር የደፋችው ነው ብዬ፣ ማስረጃ እንዲሆነኝ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ በደብተሬ ቦርሳ አኖርሁት።

የአይጥ ኩስ በቦርሳዬ ተሸክሜ ስንት ቀን ትምህርት ቤት እንደ ሄድሁ ዛሬ አስታውሳለሁ። ጥፋት የሚፈልግ ዓይን ሁሉን ያያል፤ ያየው ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሃሴት አንድ እሑድ እናቴን፣ "እትዬ፣ እህሉን ክዳን ባለው ጠርሙስ ብናደርገውስ?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ፣ "የለም፣ እህቴ እንደ ሰፋችው ይቀመጥ" አለች። ሃሴት ሁለተኛ አላነሣችውም። በዚያው ሳምንት ዐርብ፣ እናቴ ሳትመለስ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ትልቁን ከረጢት አወጣሁ። ታችኛው ጥጉ ተቦጭቋል፤ ክሩ ተበጣጥሷል፤ ዳቦ ቆሎው ከግማሽ በታች ወርዷል። ልቤ በደስታ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ሰው በሌላው ጥፋት እንዲህ ሊደሰት እንደሚችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በራሴ ላይ ደጋግሜ ስላየሁት፣ የልጅነት ነገር ነው ብዬ አላቃልለውም።

በማግሥቱ ከምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ፣ እናቴ ትኩስ ፎጣ ስታጥፍ ሳለች ነገርኋት። ጧት ጧት ከምድጃው ኋላ እጇን እንደምትሰድ ነገርኋት፤ እውነት ነበር። በፌስታል ቋጥራ እንደምትጥል ነገርኋት፤ እውነት ነበር። ከረጢቱ እንደ ተቀደደና እንደ ጎደለ ነገርኋት፤ ይህም እውነት ነበር። እናቴ ግን ፎጣውን እያጠፈች፣ "ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል" አለች። የጨመርሁት በዚህን ጊዜ ነው። "ስትበላ አይቻታለሁ" አልሁ።

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ያጠፈችውን ፎጣ ፈትታ እንደገና አጠፈችው፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። "ርቧት ነው ማለት ነው" አለች። "የእህቴ ልጅ ቤቴ ውስጥ ርቧት ነው።"

እኛ ዘንድ ያለውን ነገር ለማያውቅ ከዚህ በኋላ የሆነው ግራ ያጋባዋል። እናቴ ሃሴትን አልጠየቀቻትም። ወላጅ የሌላትን ልጅ "እህሉን አንቺ ነሽ ወይ የወሰድሽው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ጠያቂውን ያዋርዳል። ስለዚህ በመጠየቅ ፈንታ ሳህኗን ከአፍ እስከ ገደፉ ትሞላላት ጀመር። ሃሴት ደግሞ በጨዋ ደንብ፣ "በቃኝ እትዬ፣ ጠግቤያለሁ" ትላለች። እናቴ ያን እምቢታ እንደ ጥፋተኛ ኀፍረት ቆጠረችው። የጠርሙሱ ጥያቄም ትዝ አላት፤ ለካ ከረጢቱን ለመክፈት ፈልጋ ነው አለች ለራሷ። ሃሴትም በበኩሏ የእትዬ ፊት ለምን እንደ ከበደ አልጠየቀችም፤ ያስጠለለን ሰው ፊት መመርመር እርሱም ነውር ነውና። ሁለት ጨዋ ሰዎች እየተከባበሩ፣ እየተፋቀሩ፣ በአንድ ገበታ ላይ ተራራቁ። ምስክሯም እኔ ነበርሁ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይባል የለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ሳን ሆዜ ለሚኖረው ለወንድሟ ለአጎቴ ለንጋቱ ደወለች። የአጎቴ ቤት ሰፊ ነው፤ ኮሌጁም ይቀርባል፤ ሚስቱም ካፌ ውስጥ ሥራ ልታስገባት ትችላለች ተባለ። ሃሴት ይህ ሁሉ ሲነገራት አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እትዬ፣ ከብጄባችሁ ይሆን?" አለች። እናቴ፣ "ኧረ በስመ አብ፣ ለአንቺው ብዬ ነው" አለቻት። በዚያው አለቀ።

አጎቴ መኪናውን አስነሥቶ ሲጠብቅ ሃሴት ወደ እኔ ጎንበስ አለች። "ወጥ ቤቱን ጧት ጧት እያየሽ፣ እሺ? እትዬ ሳትመጣ" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ትእዛዝ ሰጠችኝ ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

ካደግሁ በኋላ፣ ሳን ሆዜ በከፈተችው የሕፃናት መዋያ ጓሮ ተቀምጠን፣ ያን ጊዜ ለምን ዝም እንዳለች ጠይቄያት አውቃለሁ። "በእንግድነት ገብቼ፣ ገና በሁለተኛው ቀን፣ ቤታችሁ አይጥ አለበት ልበላት?" አለችኝ። "ሌላው ቢቀር እንጀራዋ ጽዳት ነው። ቀስ ብዬ እጨርሳቸዋለሁ ብዬ ነበር።" የጠየቅኋት ግን ይህን ብቻ ነው፤ ልጠይቃት የሚገባኝን አይደለም።

ሃሴት ከሄደች በኋላ አራት ቀን ደስ አለኝ። እናቴ ቅዳሜ ጠጉሬን ሠራችኝ። ቤቱ እንደ ድሮው የሁለታችን ሆነ። በአምስተኛው ጧት እናቴ ሥራ ሄዳ፣ የፎቁ ጎረቤት መጥታ ትምህርት ቤት እስክታደርሰኝ ስጠብቅ፣ ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ግራጫ፣ ጅራተ ረጅም አይጥ ከቁም ሳጥኑ በር ሥር ወጣ። ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያም በግድግዳው ግርጌ፣ ሃሴት ትፈትገው በነበረው መሥመር ላይ፣ ሳይቸኩል ሄዶ ከምድጃው ኋላ ገባ። ባለፈበት ወለል ላይ ጥቁር አዝሙዴ ተበትኗል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አወቅሁት። ኮሽታውን፣ ሽቦውን፣ በረኪናውን፣ የተቦጨቀውን ከረጢት። ልጅ ነበርሁና አልገባኝም ማለት አልችልም፤ ገብቶኛል። ለእናቴ አንድ ቃል ብነግራት ሃሴት በዚያው ቀን ትመለስ እንደ ነበረም አውቄያለሁ። ስለዚህ ማፈሻውን አነሣሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴ ከመምጣቷ በፊት ጠረግሁ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር የተረፈውን ሽቦ አውጥቼ እጄ በገባበት ቀዳዳ ሁሉ ወተፍሁ። ሃሴት ታደርገው የነበረውን አደረግሁ፤ ልዩነቱ እርሷ እናቴ እንዳታፍር ስትደብቅ፣ እኔ እርሷ እንዳትመለስ መደበቄ ነው። በረኪና መርጨት አላውቅም ነበርና ደረቁን ስጠርግ አቧራው እየገባ ያስለኛል፤ እናቴ ብርድ መትቷት ነው እያለች ዝንጅብል ታፈላልኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ስጠርግ አገኘችኝና አቅፋ ሳመችኝ። የፈለግሁት ይኸው ነበር፤ አገኘሁት።

አይጦቹን ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጥረግ አላቆማቸውም። አንድ ቀን እናቴ የሥራ ልብሷን ልታወጣ መሳቢያ ስትስብ፣ ከተቦጫጨቀ አቡጀዲ የተሠራ ጎጆ አገኘች፤ ውስጡ ዓይናቸውን ያልገለጡ ቀይ ቀይ ግልገሎች ነበሩ። የእህቷ ስፌት ነው፤ ክሩን አወቀችው። መሳቢያውን ሳትዘጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

የሕንፃውን ጥገና የሚሠሩት ጋሼ ኩምሳ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸውን ጠራች። ጋሼ ኩምሳ ባትሪያቸውን አብርተው ግድግዳውን ዞሩ፣ ኩሱን አዩ፣ እድፉን በጣታቸው ነኩ። "እነዚህ የጣሪያ አይጦች ናቸው፣ ከሐይቁ ዳር ዛፎች በመብራት ሽቦ ላይ እየተንጠላጠሉ የሚገቡ" አሉ። "ዛሬ የመጡ አይደሉም፣ ኢየሩስ። ከመስከረም በፊት ጀምሮ እዚህ ናቸው። መርዝ አላደርግልሽም፤ ግድግዳ ውስጥ ሞተው ይሸቱሻል። ወጥመድ በግድግዳው ጥግ እንደረድራለን፣ ቀዳዳውን እደፍናለሁ፣ እህልሽን ጠርሙስ ውስጥ አድርጊ።"

እናቴ፣ "ከመስከረም በፊት" ብላ ደገመችው። ከዚያም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለች። ጋሼ ኩምሳ ስለ ምን እንዳለች ስላላወቁ ሣቁ።

ምድጃውን ስበው ከኋላው ሲያበሩ ግን ሣቃቸውን ተዉት። "ይህን ማን ነው የሠራው?" አሉ። ሽቦው በቧንቧው ዙሪያ ጥቅጥቅ ብሎ ተወትፏል፤ ላዩ በሳሙናና በጨርቅ ተለስኗል፤ አንዱ ቀዳዳ ሳይቀር። "እኔ እንዲህ አድርጌ አልወትፍም። ይህ ባይኖር ኖሮ ይሄኔ አልጋችሁ ውስጥ ነበሩ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ስጠርግ ያገኘችኝን ቀን አስታወሰች፤ በፊቷ ላይ አነበብሁት። "ወንጌል፣ አንቺ ነሽ?" አለች። "እኔ እንዳላፍር ብለሽ ነው?"

ራሴን ነቀነቅሁ። በአዎንታ።

ጋሼ ኩምሳ ከሄዱ በኋላ እናቴ ስለ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወሬ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሷ ግን ምክንያቱን ራሷ ፈልጋ ሰጠችኝ፤ "ልጅ ነሽ፣ ስትበላ መስሎሽ ነው። ጥፋቱ አምኜ ያልጠየቅኋት የእኔ ነው" አለች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ ሳን ሆዜ ደወለች።

ያልተናገሩትን ክስ በይቅርታ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ እናቴ ይቅር በይኝ ማለት አልቻለችም። ቤቱ ጭር ማለቱን፣ ሶፋው ባዶ መሆኑን፣ አይጥ መገኘቱን እየሣቀች እንደ ጨዋታ አወራቻት። ከዚያም፣ "ያቺ ትንሿ ወንጌል ስንቱን ቀዳዳ ብቻዋን እንደ ወተፈችው ብታዪ" አለች። ሃሴት ግን እኔን እንድታገናኛት ጠየቀቻት መሰለኝ። እናቴም፣ "እሺ፣ እሰጥሻለሁ" ብላ ስልኩን አቀበለችኝ፤ እጇንም ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

"ወንጌልዬ" አለች ሃሴት።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ የለም። ቀዳዳውን ማን እንደ ወተፈው እንደማውቅ ዐውቃለች፤ የእርሷን ሥራ የእኔ አድርጌ እንደ ዋሸሁም ዐውቃለች፤ ለእናቴም አልነገረቻትም።

"እትዬ እንድመለስ ትፈልጋለች መሰለኝ" አለችኝ። "እኔም ደስ ይለኛል። አንቺ ግን ካልፈለግሽ አልመጣም። ልምጣ?"

እናቴ ከኋላዬ ትንፋሿ ይሰማኛል። አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። ለሃሴት በአማርኛ መልሼላት አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን በጠራ አማርኛ፣ "አያስፈልግም" አልኋት።

"እሺ የእኔ እናት" አለች፤ ስልኩን ዘጋችው።

"ምኑ ነው የማያስፈልገው?" አለች እናቴ።

"ሽቦ ልላክላችሁ ወይ ስትለኝ ነው" አልሁ።

እናቴ ሣቀች፤ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሃሴት እመለሳለሁ እንድትላት አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ ልጅቷ ሳን ሆዜን ወድዳለች ብላ ተወችው። ያን ቀን ግን ከምድጃው ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠችና በጉልበቶቿ መካከል አስገባችኝ። ቀኑ ቅዳሜ አልነበረም። ማበጠሪያውን አንሥታ ጠጉሬን ከመሐል ከፈለችው፤ እኔም ራሴን ሳላንቀሳቅስ እስክትጨርስ ድረስ ተቀመጥሁ።